የናስራ ግራ ጎን

ጌታሁን በዕድሜው አሳምሮ የሚችላቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ እንጨት መሥራትና ዝም ማለት። እንጨቱን የተማረው አሰብ ወደብ ዳር፣ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ከሚጠገንበት ዳስ ሥር ነው። ዝም ማለቱን ግን ማንም አላስተማረውም፤ ለብቻው የተካነበት ሙያ ነው። አሁን ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ካርቱም ውስጥ ሳጃና በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ የአናጢ ቤት አለችው፤ ከፊቷ ይሠራል፣ ከኋላዋ ይተኛል።

ከጦርነቱ በፊት ሳጃና ውስጥ ዳቦ ገዝቶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱ ሁሉ አበሻ ስለነበር ነው። ጎንደሬው፣ ወሎዬው፣ ሸዌው በየበሩ ተቀምጦ፣ «ጌታሁን፣ ኧረ አንድ ሻይ!» ይላል። ጦርነቱ ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው ብትን አለ። ጌታሁንም ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ከርሞ ሲመለስ ያገኘው ግማሹ የተቃጠለ ጣሪያ፣ ባዶ መደርደሪያና የማያውቃቸው ድመቶች ነበሩ። ለምን ተመለስክ የሚለው ሰው ቢኖር፣ «ሙላቷ እዚህ ናት» ይል ነበር። ሙላቷ ሚስቱ ናት፤ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልወለዱም። ግን ጠያቂም አልነበረም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይውልና፣ ድምፁ መኖሩን ለማረጋገጥ መዶሻዋን «ነይ እስቲ» ይላታል።

የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ናኾዳ አብዱልወሃብ። ናኾዳ በባሕረኞች ቋንቋ የጀልባ አዛዥ ማለት ነው። አባታቸው ከወሎ ወርደው አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዱ ነበር፤ እሳቸው ግን ጭነቱን ትተው ባሕሩን ወደዱ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ባለ ሁለት ምሰሶ የዓሣ ማጥመጃ ሳምቡክ ገዝተው ናስራ አሏት፣ በእናታቸው ስም። ያቺ ጀልባ በ1979 ዓመተ ምሕረት ክረምት ሰጠመች። ከተሳፈሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ተረፉ። ያልተረፈው የናኾዳ ታናሽ ወንድም ዛኪር ነው፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ናኾዳ ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ባሕር አላዞሩም። ካርቱም ገብተው፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው፣ ሬሕማ የምትባል አንዲት ሴት ልጃቸውን አሳደጉ።

ከጌታሁን ጋር ዳግም የተገናኙት እሱ ካርቱም በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። በር ሊያሠሩ ሳጃና መጥተው፣ መጋዝ የያዘውን ሰው ትክ ብለው አዩና፣ «የአሰቡ ልጅ!» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ከዚያ ወዲህ ጌታሁን በየዓርቡ፣ ናኾዳ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ጀሪፍ ይሄዳል። ፉል ይበላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ አሰብ ነው ካርቱም የሚብሰው እያሉ ስለ ሙቀት ይከራከራሉ። ጦርነቱ እሳቸውን ወደ ከሰላ፣ እሱን ወደ ገዳሪፍ ወሰደ። ናኾዳ ሲመለሱ ዓይናቸው አልነበረም። በየቀኑ የሚጨምሩት ጠብታ በስደቱ መሐል ተቋርጦ፣ ብርሃኑ በዚያው ጠፋ።

«ናስራን ረሳኋት» አሉት አንድ ዓርብ።

«ምን ማለትዎ ነው ናኾዳ?»

«ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ትመጣ ነበር። አሁን ሁልጊዜ ጨፍኜ ነው መሰለኝ፣ ወላሂ አትመጣም። ሥራልኝ። ትንሽ አድርገህ። በእጄ ልያት።»

ጌታሁን የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የልጅ መጫወቻ አይደለም የምልህ» አሉ። «እንደነበረች። አንተ ነህ የጠገንካት፤ ካንተ በቀር የሚያውቃት ሰው በዚህ አገር የለም። ሳሚዕ፣ ሰማኸኝ? እንደነበረች።»

«ኢንሻአላህ» አለ ጌታሁን። ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ከዚያ እጃቸውን እንዲሰጡት ጠየቃቸው። የዚያ ዘመን የባሕር ሰው በሜትር አይለካም፤ ናስራ ሃያ ስምንት ክንድ ነበረች፣ በራሳቸው በናኾዳ ክንድ። የፊት ምሰሶዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ሆዷ ሰባት። ይህን አሰብ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሰላም ሲላቸው ከሰላምታው ቀጥለው የሚነግሩት እሱን ነበር። አንድ ክንድ ደግሞ ሃያ አራት ጣት ነው። ጌታሁን ጣታቸውን አንድ በአንድ ቀጭን እንጨት ላይ እያስቀመጠ ምልክት አደረገ። የእውነቷ ናስራ አንድ ክንድ፣ የትንሿ ናስራ አንድ የናኾዳ ጣት ሊሆን።

«በጣትዎ እየቆጠሩ ሁሉንም ቦታው ላይ ያገኙታል» አላቸው። ይህን ሲል ምን እያለ እንደሆነ አላወቀም እንዳንል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ሥራው ሦስት ወር ፈጀ። አከርካሪዋንና ጎድኖቿን ሱንጥ ከሚሉት የዓባይ ዳር ግራር ጠረበ። ለሳንቃዎቿ የራሱን መስኮት ነቀለ፤ ከቃጠሎው የተረፈ አንድ ጥሩ የሕንድ እንጨት እሱ ብቻ ነበር። በሰፈሩ ባዶ ቤቶች ስንት በርና መስኮት ወድቋል፣ ባለቤቶቹም መመለሳቸውን እንጃ፤ እሱ ግን አልነካም። የሰው መስኮት ገንጥዬ የሰው ጀልባ አልሠራም አለ። ለምስማር የሚሆን ሽቦ ግን ከመሬት ለቀመ፤ ሌቦች የከተማውን የመብራት መስመር ነቅለው ሲወስዱ ቁርጥራጩን በየመንገዱ ጥለውት ነበር። ያንን ፀጉር በሚያህል ልክ እየሳበ፣ በእያንዳንዱ ሳንቃ ላይ ልክ እንደ ትልቋ ሁለት ሁለት ምስማር መታ።

ደስ ብሎት ነበር፣ ለምን ይዋሻል። ከእንቅልፉ የሚነሣበት ምክንያት አገኘ። ሳንቃው አልታጠፍ ሲለው፣ «ናስራ፣ ተይ እንጂ» ይላታል፤ መዶሻዋ ቀንታ ይሆን፣ እንጃ። ወደ ፊት ዘመም ያለውን ምሰሶ፣ ጠፍጣፋ ኋላዋን፣ ምግብ የሚበስልበትን አሸዋ የተሞላ ሣጥን፣ የውሃ በርሜሏን ሁሉ ከልቡ እያወጣ ሠራ። ቀኝ ጎኗን አልብሶ ጨረሰ። ግራ ጎኗ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ከበደው። ሦስት ቀን መጥረጊያ ይዞ የጠራውን ወለል ሲጠርግ ሰነበተ።

ጡብ የሚደረድር ሰው ያውቀዋል፤ የላይኛው ጡብ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ላይ አያርፍም። የጀልባ ሳንቃም እንዲሁ ነው። ሁለት መጋጠሚያ በአንድ ጎድን ላይ ከወደቀ፣ ባሕሩ አንድ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ጥፍሩን ያስገባል። ይህ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ጌታሁንም ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። የ1979 ፋሲካ ሲቃረብ ናስራ በግራ ጎኗ፣ ከፊቷ ዘጠነኛው ክንድ ላይ፣ ከውሃው በታች ሁለት ሳንቃ በስብሶባት ወደ ዳሱ መጣች። የተገኘው አዲስ ሳንቃ አንድ ክንድ አጠረ። ሌላ ከኤደን እስኪመጣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነበረበት። ወደ ደሴ የሚሄደው ጭነት መኪና ደግሞ የሚነሣው ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ጌታሁን እናቱን ሦስት ፋሲካ አላያትም ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ሳንቃ እዚያው አንድ ጎድን ላይ ቆርጦ ገጠማቸው። ጥጥ በዓሣ ዘይት ነክሮ ጠቀጠቀበት፣ ቀለም ቀባው፣ መኪናው ላይ ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ይህኛው ሲፈታ ግን የሮጠው ሌላ ሰው ነበር።

ናኾዳ ዓለት መታሁ ብለው ነው የሚያምኑት። ያን ቀን ዓሣው እንዳይበላሽ ብለው በአቋራጭ፣ በዓለቶቹ መሐል ገቡ። ጓ የሚል ድምፅ ሰሙ፣ ውሃው ገባ፣ አለቀ። ጌታሁን ግን በአራተኛው ቀን ባሕሩ የተፋውን ሳንቃ ከሁሉ ቀድሞ አገኘው። አገላብጦ አየው። የዓለት ጭረት አልነበረበትም፤ ከመጋጠሚያው ላይ ንጹሕ ሆኖ ነው የወጣው። ፈልጦ አነደደው። ለንስሐ አባቱ ሲናገር ቄሱ፣ «ስግደቱ ለእግዜር ነው፤ ለሰውየውስ ማን ይነግረዋል?» ቢሉት፣ ጌታሁን ንስሐ አባት ቀየረ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ናኾዳን ካርቱም ሲያገኛቸውም ዝም አለ። አንዱ ዓርብ ሌላውን እየወለደ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

እና አሁን ምን ያድርግ? እውነቱን ቢሠራ የናኾዳ ጣት ያገኘዋል። ያኔ ጀሪፍ የለም፣ ዓርብ የለም፣ በዚህ ከተማ «ጌታሁን» ብሎ የሚጠራው አፍ የለም። ጌታሁን ያን ፈራ፤ ሲኦልን እንኳ እንዲያ አልፈራም። ስለዚህ በአራተኛው ቀን ሳንቃዎቹን እንደ ሕጉ አለያይቶ፣ አንዱን መጋጠሚያ ወደፊት አንዱን ወደኋላ አድርጎ፣ ግራ ጎኗን አሳምሮ ዘጋ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከናስራ ሁሉ የተዋጣለት ሥራ እዚያ ላይ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ናኾዳ ስለ ጀልባዋ እየጠየቁት፣ «ቀለሟ?»፣ «ሸራዋስ?» ሲሉ ቆይተው፣ ወሬውን ቀየሩ። ሬሕማ ገበያ ወጥታለች።

«እናቴን ታውቃት ነበር?» አሉ።

«እሜቴ ናስራን? በሩቁ።»

«በዓለቶቹ መሐል አትግባ ብላኝ ነበር፤ ጠዋቱን፣ ልክ ስንነሣ። አንድ ልጅሽን አሰጠምኩት ብዬ ስገባ ምንም አላለችኝም። ግን ጌታሁን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ከእጄ ውሃ አልጠጣችም። ስድስት ዓመት። ብርጭቆውን ስሰጣት ለጎረቤቷ፣ "አንቺ ስጪኝ" ትል ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም።» በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «ልክ ናት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ጌታሁን «ማሌሽ ናኾዳ፣ አይዞዎት» ብቻ አለና ሳይመሽ ተነሣ።

ቤቱ ሲደርስ ጫማውን ሳያወልቅ መሮውን አነሣ። ናስራን በጉልበቶቹ መሐል አጥብቆ፣ ያንን ያማረ ግራ ጎን ነቀለው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ እሱም አብሮ አለቀሰ፤ የሚያየው ድመት ብቻ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት አዲስ ሳንቃ ቆርጦ፣ ዘጠነኛው ጣት ላይ፣ ሁለቱንም በአንድ ጎድን ላይ ገጠማቸው። ያኔ እንዳደረገው በጥጥ ጠቀጠቀ። ቀለም ግን በላዩ ላይ አላበዛም።

ዓርብ ጀልባዋን በአንሶላ ጠቅልሎ ሃፍላ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሕፃን የያዘ መስሎት ቦታ ለቀቀለት። ናኾዳ በገመድ በተጠለፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጥላቸው መጀመሪያ አሸተቷት፤ ከዚያ ሳቁ።

«ያ ሰላም! የዓሣ ዘይት ከየት አመጣህ?»

በቀኝ ጎኗ ጀመሩ። ጣታቸውን እያስከተሉ ቆጠሩ። «በርሜሏ! ልክ ስድስተኛው ላይ… ምሰሶዋ… እይ እይ፣ ዛኪር እዚህ ነበር የሚተኛው፣ እግሩ እስከዚህ ይደርሳል።» ሬሕማ ሻዩን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ አባቷን እንዲህ ስቀው አይታቸው አታውቅም ነበር። ጌታሁን ግን ዓይኑን ከጣታቸው አልነቀለም።

ወደ ግራ ጎኗ ዞሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠነኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደላይ ሄደ፣ ወደታች ተመለሰ፣ እንደገና ወደላይ ሄደ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አሉ፣ በርኅራኄ ድምፅ። «ማሌሽ፣ ዓይንህም እንደኔ ደክሟል። ሁለቱ መጋጠሚያ አንድ ላይ ወድቋል። እንዲህ አይሠራም፤ እንዲህ ያለች ጀልባ…» ቃሉን አልጨረሱትም።

«አልተሳሳትኩም ናኾዳ። እንደነበረች ነው የሠራኋት።»

ውጭ ረክሻ የሚሏት ባጃጅ ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች። ናኾዳ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ። ፋሲካን እናቴ ጋ ለመዋል ቸኩዬ።»

«ዓለቱስ?»

«ዓለት አልመቱም። ሳንቃው ዳር ወጥቶ አይቼዋለሁ፤ ጭረት የለበትም።»

«የት አለ ሳንቃው?»

«አነደድኩት።»

«እናቴ…» አሉ ናኾዳ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ሬሕማ» አሉ፣ «ሰውየውን ሸኚው።»

ሠላሳ ዓመት ጌታሁን ሲባል የኖረ ሰው በአንድ ቃል ሰውየው ሆነ። ሬሕማ ምን እንደተባለ በቅጡ አልገባትም፤ ሻዩን እንደያዘች እስከ በር ወጣች። ጌታሁን ዘወር ብሎ ሲያይ ጀልባዋ አሁንም ጭናቸው ላይ ነበረች፤ ጣታቸውም ከዘጠነኛው ቦታ አልተነሣም።

የሚቀጥለው ዓርብ ጌታሁን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለውጦ፣ የሃፍላው ሰዓት እስኪያልፍ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛው ዓርብ ሸሚዙን አልለወጠም። አንድ የጠረጴዛ እግር ሊሠራ ጀምሮ ተወው። መዶሻዋንም ማነጋገር አቆመ፤ ምን ይላታል? ወደ ሙላቷ መቃብር ሄዶ ሊነግራት ፈለገና፣ በሕይወቷ ያልነገራትን አሁን መንገሩ አሳፈረው።

በሦስተኛው ዓርብ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሬሕማ ናት። እዚያው ተወልዳ ያደገች ናትና አማርኛዋ «እርስዎ» አያውቅም፤ እሱን «ዓሞ»፣ አጎቴ፣ ትለዋለች።

«ዓሞ ጌታሁን፣ ተማም ነህ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። አባትሽ ታመሙ እንዴ?»

«ላ፣ ላ። አባዬ ይተኛል።»

«ምን አልሽ?»

«ይተኛል፣ ዓሞ። እኔ ከተወለድኩ ሌሊት ሁልጊዜ ዛኪር፣ ዛኪር ይላል፣ ይጮኻል። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። አሁን ኸላስ። ሦስት ሳምንት እስኪነጋ ይተኛል። ጀልባዋን ራስጌው አድርጎ። አንተ ምን እንደነገርከው አላውቅም። ሹክራን ልልህ ነው።»

ጌታሁን ሊጠይቅ የማይገባውን ጠየቀ።

«ልምጣ? ይምጣ ብለዋል?»

«ላ፣ ዓሞ። ትላንት ጠየቅኩት። "አይምጣ" አለ። ማሌሽ።»

«ይተኙ» አለ ጌታሁን። «ንገሪያቸው… አይ፣ ምንም አትንገሪያቸው። ብቻ ይተኙ።»

ስልኩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከነቀላቸው ሁለት ያማሩ ሳንቃዎች አጠገብ አስቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ሃፍላው ቆሞ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ጀሪፍ! ጀሪፍ! ያላ ጀሪፍ!» እያለ ይጣራል። ወደ ጌታሁንም አየና በእጁ ጠራው፤ የሁልጊዜ ደንበኛው ነው። ጌታሁን ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አውቶቡሱ ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ በሩ ላይ ቆመ።